ያለ ቀሪ

ትሪየስቴ ከተማ ነፋሱን «ቦራ» ነው የሚሉት፤
እኔ አገር ቦራ በሬ ነው፣ ግንባሩ ነጭ ያለበት።
ስማቸው አንድ፣ አመላቸው አንድ፤ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፣
የመንገዱን ገመድ ካልያዝክ ዳገቱን አትዘልቅም።

ሲኞራ ኒቬስ ኮሱታ የወደብ መዝገብ ያዥ ነበረች፤
አርባ ዓመት ጣውላና ሱፍ እያስመዘነች ኖረች።
ጡረታ ስትወጣ ደርዘን ባዶ መዝገብ ይዛ መጣች።
ሰረቀች አልልም። «ተረፈኝ» ነው ያለች።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይ ነኝ፣ የመርከብ በያጅ።
በመስከረም አንድ ማታ፣ የኪራዩን ደረሰኝ ስትጽፍ፣
«ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር
በእናንተ ምን ይባላል? በእኛ ‹ፊተኛ› ነው» አለችኝ።
«ብቸኛ» አልኳት።
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
ደግሜ እንድለው ጠየቀችኝ። ደገምኩት።
ደረሰኙን ሳትፈርምበት ቀረች።

በማግስቱ አንድን ወስዳ አጠፈች፤ ያጠፈችውን መልሳ አጠፈች፣
እንደ አንሶላ፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ። በላዩ አንድ ጨመረች፦

አራት ቢሊዮን
ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን
ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ሺህ
ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት።

«ሦስት፣ አምስት፣ አሥራ ሰባት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት፣
ስድሳ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት፤
አምስቱም በዚሁ መንገድ መጡ፣ አምስቱም ብቸኞች ናቸው፤
ስድስተኛዋስ ለምን ትለያለች ከእህቶቿ መካከላቸው?»

«መልሱ መጽሐፍ ውስጥ አለ።»
«አትንገረኝ። በሰው ሚዛን አልፈርምም።»

ጥቅምት አንድ ጀመረች። በማታ አንድ አካፋይ፣ በእጅ፣ በቀለም።
ሁለት፤ ቀሪ አንድ። ሦስት፤ ቀሪ ሁለት።
ሰባት መጣ፣ አምስት ተረፈ። አሥራ ሦስት መጣ፣ አሥር።
አሥራ ሰባት፣ የገዛ እህቷ፣ በር ድረስ መጥታ
ሁለት ጥላ ተመለሰች ያለ ወሬ፣ ያለ ሰላምታ።
ልጇ ከጄኖቫ በወር አንዴ ይደውላል፤
አራት ደቂቃ ያህል፤
እሷም ስልኩን ዘግታ ወደ መዝገቧ፦ «የት ደርሼ ነበር?»

ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ስልኬን ከፍቼ መልሱን አየሁ።
ከዚያ ወዲያ ደረጃውን እንደ ሌባ እየረገጥኩ ወጣሁ።
ትልቅ ነገር ብቻውን ሲቆም ማየት ነበር የፈለገችው፤
እኔ ደግሞ የት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ፤ እንዴት ልንገራት ሰው?

ጥር ሃያ ሦስት፦ ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ። ቀሪ፣ መቶ ሰባ ሦስት።
«ይኸው» አለች፤ «መቶ አሥራ አምስት ማታ።»

ጥር ሃያ አራት። ቦራው መስኮቱን በቀንዱ ይወጋል።
ስድስት መቶ አርባ አንድ።
ስድስት ጻፈች። ሰባት። ሁለት ብቻ ተረፈ፣ ለጥቂት!
ዜሮ። ዜሮ። አራት። አንድ።
የመጨረሻዋን አኃዝ አወረደቻት፦
አራት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት።
ሰባት ጊዜ። ልክ።
ከመስመሩ በታች የምትጽፈው አጣች።

ምድጃው ውስጥ ፍም ሲወርድ ሰማሁ።
«ታውቅ ነበር?»
«ከኅዳር ጀምሮ።»
መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ወለወለች፣ ሁለቱንም መስታወት።
«ማካፈልስ በእናንተ ምን ይባላል?»
«ማካፈል» አልኳት። «ዳቦ ቆርሶ ለሌላ ሰው መስጠትም
ቃሉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለንም።»

መልስ አልሰጠችም። መዝገቡን አዞረችው፣ ወደ እኔ፦
ስድስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት።
«ይህችኛዋስ? ከስድስት መቶ አርባ አንድ በታች ያሉትን ተዋቸው፤
ጠይቀናቸዋል፤ እናቷን ያልቻሉ ልጅቷን አይችሏትም።
ራሱን ስድስት መቶ አርባ አንድን ግን ድጋሚ ጠይቀው።
ተጋማሹ ቀን የኔ፣ ጎዶሎው ያንተ።»

እስክሪብቶዋን በመዝገቡ ላይ አንከባለለችው።
«ነገ» አለች፣ «ሃያ አምስት ነው።»